በስንብቱ ሰሞን ስልክ ያነሳችው ሴት

የቴሌቪዥን ጣቢያው ሕንፃ ሰባት ፎቅ ነበረው፤ እሷ የምትሠራው ግን ከሁሉም በታች፣ ምድር ቤት ነው። ክፍሉ አንድ መስኮት አለው፤ መስኮቱ የሚያሳየው የአላፊ አግዳሚውን ጫማ ብቻ ነው። ሁለት ጠረጴዛ፣ ሁለት ስልክ፣ ሁለት የጆሮ ማዳመጫ፣ አንድ የሚወላገድ የብረት መደርደሪያ፣ በመደርደሪያው ላይ ጠርዛቸው የተላጠ ወፋፍራም መዝገቦች። በሩ ላይ «የተመልካቾች አስተያየት መቀበያ» የሚል ጽሑፍ ተለጥፏል። ፎቅ ላይ ያሉት ሠራተኞች ይህን ክፍል የሚያስታውሱት እንግዳ መጸዳጃ ቤት ሲጠይቃቸው ነው፤ «ምድር ቤት ይውረዱ፣ ከአስተያየት ክፍሉ አጠገብ ነው» ይላሉ።

ባልደረቦቿ «መስመሬ» ይሏታል። ስሙ የወጣላት ስልክ ባነሳች ቁጥር «መስመሩ ላይ ነኝ፣ ይናገሩ» ስለምትል ነው። ደዋዩ በቁጣ ሲጮህም፣ ሳግ ይዞት ዝም ሲልም የምትለው ያችኑ ነው። አርባ ዘጠኝ ዓመቷ ነው። ድምጿ ከዕድሜዋ ያንሳል፣ ትዕግሥቷ ከዕድሜዋ ይበልጣል። አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ የሰው ብሶት በቀኝ ጆሮዋ ስትቀበል ኖራ፣ «ቀኙ ጆሮዬ ከግራው ቀድሞ ያረጃል» እያለች ትቀልዳለች።

የጣቢያው ትልቁ ፕሮግራም ከሰኞ እስከ ዓርብ፣ ማታ ማታ ከአምስት እስከ ስድስት ሰዓት የሚተላለፈው «እንቅልፍ እስኪመጣ» ነበር። አንድ ረዘም ያለ፣ መላጣ ሰውዬ ጠረጴዛ ኋላ ተቀምጦ የቀኑን ወሬ እያነሳ ይቀልዳል፣ እንግዳ ጠርቶ ያጫውታል፣ መጨረሻ ላይ «በሉ ደህና እደሩ፣ እኔም ልደር» ብሎ ይነሳል። አሥራ አራት ዓመት እንዲህ አደረገ። አገር ምድሩ ያውቀዋል። መስመሬ ግን አንድም ቀን ፕሮግራሙን አይታው አታውቅም።

ነገሩ ንቀት አይደለም። የአስተያየት መስመሩ የሚከፈተው ከጠዋቱ አንድ ሰዓት ነው፤ ለዚያ ለመድረስ ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል መነሳት አለባት፤ ለዚያ ደግሞ ማታ ሦስት ሰዓት ሳይሞላ መተኛት። እናም አቅራቢውን የምታውቀው ያላዩትን የጎረቤት ሙሽራ በወሬ ብቻ እንደሚያውቁት ነው። ጠዋት ጠዋት ስልኩ ሲጮህ ትናንት ማታ ምን እንዳለ ትረዳለች። ስለ ጥርስ ሐኪሞች የቀለደ ዕለት አሥራ አንድ የጥርስ ሐኪም ደወለላት፤ ዘጠኙ ተቆጥተው፣ ሁለቱ የቀልዱን መጨረሻ ንገሪን ብለው። አረንጓዴ ከረባት ያሰረ ዕለት አንዲት ሴት «ያን ጨርቅ አውልቆ ይጣልልኝ» ብላ ሦስት ጊዜ ደወለች። መስመሬ ሁሉንም ደዋዩ በተናገረበት ቃል ትጽፋለች። መዝገቡን ፎቅ ላይ ማን እንደሚያነበው ጠይቃ አታውቅም። ብትጠይቅ መልሱ እንደሚያስከፋት ልቧ ያውቃል።

አንድ ማክሰኞ ማታ ሰውዬው በፕሮግራሙ መጨረሻ ላይ አንገቱን ሰበር አድርጎ እንዲህ አለ፦ «ቤት ስገባ ልጆቼ ተኝተው፣ እነሱ ሲነሱ እኔ ተኝቼ አሥራ አራት ዓመት ሆነን። ትልቁ ጺም አወጣ። በወሩ የመጨረሻ ዓርብ እሰናበታችኋለሁ።»

ረቡዕ ጠዋት መስመሬ በር ላይ ስትደርስ ጥበቃው ከወንበሩ ተነሳ።

«መስመሬ፣ ዛሬ ጉድሽ ፈላ» አላት።

«ምን ሆነ?»

«አልሰማሽም? ሰውዬው እኮ ሊሄድ ነው! እኔ ራሴ ልደውልልሽ ነበር።»

«እዚህ ቆመህ ነው የምትደውልልኝ?»

«ታዲያ እኔ ተመልካች አይደለሁም?»

ደረጃውን ወርዳ በሩን ስትከፍት ሁለቱም ስልኮች ይጮኻሉ። አጠገቧ የምትቀመጠው ባልደረባዋ፣ ሁሉ ነገር የሚያስቃት በመሆኗ «ሳቂታ» የምትባለው፣ ኮቷን ሳታወልቅ አንዱን አንስታ በእጇ «ቶሎ፣ ቶሎ» አለቻት።

የመጀመሪያው ደዋይ ባለ ታክሲ ነበር። «ማን ነው ያባረረው? ስሙን ብቻ ንገሪኝ። ሌላ ምንም አልፈልግም፣ ስሙን ብቻ።» ማንም እንዳላባረረው፣ በራሱ ፈቃድ እንደለቀቀ ነገረችው። «በራሱ ፈቃድ የሚለቅ ሰው የት አለ እህቴ! እኔ ይችን መኪና በራሴ ፈቃድ የለቀቅኩ ዕለት ሞቻለሁ ማለት ነው» ብሎ ዘጋ።

ቀጥሎ ድምጿ ለስለስ ያለ ሴት መጣች። እሷና ባሏ ከተኳረፉ ስምንት ወር ሆኗቸዋል። «አንድ ሶፋ ላይ ግራና ቀኝ ጫፍ ይዘን እሱን እናያለን። ሲቀልድ ሁለታችንም እንስቃለን። በቀን ውስጥ አብረን የምናደርገው ነገር ያ ብቻ ነው። አሁን በምን ልንታረቅ ነው?» አለች። «መዝግቤዋለሁ» አለች መስመሬ፤ ቃሉ በአፏ ውስጥ ቀዘቀዘባት።

አንዱ ደግሞ «እሰይ!» ብሎ ጀመረ። «እሰይ! አሥራ አራት ዓመት ይህን ቀን ስጠብቅ!»

«አይወዱትም ነበር ማለት ነው?»

«እወደዋለሁ? ጠላሁት እንጂ! ሳቁን፣ አቀማመጡን፣ ሁሉ ነገሩን!»

«ታዲያ ለምን ያዩታል?»

«እህቴ፣» አለ ቁጣው በረድ ብሎ፣ «ሰው የሚጠላውን ነገር ጥሎ የት ይሄዳል?» ይኸው ሰው በማግስቱ ደውሎ «ትናንት እሰይ ያልኩትን ብትሰርዢው ደስ ይለኛል» አላት። መስመሬ አልሰረዘችውም፤ ከሥሩ «ተጸጽቷል» ብላ ጻፈችበት።

የወንበርና የሶፋ ልብስ የሚያድስ ባለሙያም ደወለ። ስለ አቅራቢው አንዳች አላለም፤ የእሱ ጭንቀት እንግዶች የሚቀመጡበት ወንበር ነበር። «ሞላው አልቋል። ስድስት ዓመት ሆነው። ሚኒስትር ይቀመጥ፣ ዘፋኝ ይቀመጥ፣ ሁሉም ይሰምጣል፤ ጉልበቱ አገጩ ጋ ይደርሳል። ሰውዬው ከመሄዱ በፊት በነፃ ልሥራለት። እንዲህ ሆኖ ቢያልቅ እንቅልፍ አይወስደኝም።»

ምሳ ሰዓት ላይ የክፍሉ ኃላፊ አንድ ወረቀት ይዞ ወረደ። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ ከላይ የተነገረውን ታች የሚያደርስ፣ ታች የተባለውን ግን ወደ ላይ የማያደርስ ሰው ነው። ወረቀቱ ላይ ሦስት ሳጥን ተሥሏል። ደስተኛ፣ የተከፋ፣ ሌላ። «ከዛሬ ጀምሮ ልብ ወለድ መጻፍ የለም» አለ። «ምልክት ብቻ። ዳይሬክተሩ ቁጥር ነው የሚፈልጉት።»

«ስምንት ወር የተኳረፉት ባልና ሚስት የትኛው ውስጥ ይግቡ?» አለች መስመሬ።

ኃላፊው አሰበ። «ሌላ» አለ።

በሦስት ቀን ውስጥ ሰባት መቶ ያህል ሰው ደወለ። መስመሬ ሁሉንም «ሌላ» ውስጥ አስገባቻቸው፤ መዝገቡንም እንደ ልማዷ መጻፏን አልተወችም። ሳቂታ ወረቀቱን አይታ እንባዋ እስኪወርድ ሳቀች።

ቤቷ ከጣቢያው ሁለት አውቶቡስ ይርቃል። ባሏ ከሞተ ዘጠኝ ዓመቱ ነው፤ ከዚያ ወዲህ የምትኖረው ከታላቅ እህቷ ጋር ነው። እህቷን «እታለም» ትላታለች። እታለም አግብታ አታውቅም። ሠላሳ አንድ ዓመት ሆስፒታል ውስጥ አዋላጅ ነበረች፤ አብዛኛውን ዘመኗን የሌሊት ተረኛ። ጡረታ ስትወጣ ሥራው ቀረ እንጂ ሌሊቱ አልቀረም፤ ከእንቅልፍ ጋር የተጣላች ናትና የምትተኛው ሊነጋጋ ሲል፣ የምትነሳው ረፋድ ላይ ነው። አንዷ ስትነሳ ሌላዋ ልትተኛ ትሄዳለች። የሚገናኙት ከሰዓት በኋላ ነው፤ ያኔም መስመሬ ቀኑን ሙሉ ስታዳምጥ ውላ ስለምትገባ ዝምታ ያምራታል። እታለም ይህን ታውቃለች። ሻይ አቅርባላት፣ ከፊት ለፊቷ ተቀምጣ ሹራብ ትሠራለች። ቤቱ ሰላም ነው፤ ጠብ የለበትም፤ ጨዋታም የለበትም።

በዚያ ሳምንት ስለ አቅራቢው መሄድ ከተማው ሁሉ ሲያወራ እታለም አንዲት ቃል አልተነፈሰችም። መስመሬም አልጠየቀቻትም። ማታ ማታ ቴሌቪዥን ፊት እንደምትቀመጥ ታውቃለች፤ ምን እንደምታይ ግን ልብ ብላው አታውቅም። ጆሮ ለባለቤቱ ባዳ ነው ይባል የለ።

ሰኞ ረፋድ ላይ፣ አራት ሰዓት ተኩል አካባቢ፣ መስመሬ አርባኛውን ይሁን ሃምሳኛውን ስልክ አነሳች።

«መስመሩ ላይ ነኝ፣ ይናገሩ።»

መልስ የለም። ከዝምታው ኋላ ጠብ፣ ጠብ፣ ጠብ የሚል ውሃ ይሰማል። ሁለት ጠብታ በፍጥነት፣ ከዚያ አንድ ዘግየት ብሎ። መስመሬ ይህን ቧንቧ ታውቀዋለች። ከዛሬ ነገ ቧንቧ ሠሪ እጠራለሁ እያለች ሁለት ወር አልፎታል።

«ተመልካች ነኝ» አለ ድምፁ። እታለም ናት።

ከሁለት አንዷ ስልኩን ልታነሳ ትችል ነበር፤ እታለም ሳቂታ እንድታነሳው ተመኝታ ይሆናል። መስመሬ «እታለም» ልትል አፏን ከፈተች። ድምፁ ግን ቀደማት።

«እርስዎን ማስቸገሬ ነው፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ።»

እርስዎ። አዝላ ያሳደገቻት፣ ፊደል ሳትቆጥር ስትቀር ጆሮዋን የቆነጠጠቻት፣ ባሏ የሞተ ዕለት ሻንጣዋን ይዛ «ነይ ተነሺ፣ ወደ ቤትሽ» ያለቻት እህቷ፣ በሕይወቷ ለመጀመሪያ ጊዜ እርስዎ አለቻት። መስመሬ ነገሩ ገባት። እህቷ ሊነገር የሚገባው ነገር አላት፤ ለእህቷ ግን ልትነግራት አትችልም።

«ምንም አላስቸገሩኝም፣ እመቤቴ» አለች። «ይናገሩ።»

«እኔ ጡረታ የወጣሁ አዋላጅ ነኝ። ሌሊት እንቅልፍ አይወስደኝም። ያ ሰው “እንዴት አመሻችሁ” ሲል “እግዚአብሔር ይመስገን” እለዋለሁ። ድምፅ አውጥቼ ነው የምመልስለት። ሞኝ ናት አይበሉኝ።»

«አልልዎትም።»

«ሰው አጥቼ አይደለም። ቤቴ ውስጥ ሰው አለችኝ፣ ጎበዝ ሠራተኛ ናት። ግን ቀኑን ሙሉ ሰው ሲያወራት ውላ ደክሟት ነው የምትገባው። እኔ ደግሞ ተጨምሬ ላድክማት?» ውሃው ጠብ፣ ጠብ አለ። «ማለዳ ስለምትነሳ ቴሌቪዥኑን ድምፁን ዝቅ አድርጌ ነው የማየው። በጣም ዝቅ አድርጌ። እውነቱን ልንገርዎትና በዘጠኝ ዓመት ውስጥ ከቀልዱ ግማሹን አልሰማሁትም። ሕዝቡ ሲስቅ አብሬ እስቃለሁ እንጂ።»

መስመሬ እስክሪብቶዋን ይዛ ነበር። አልጻፈችም።

«እና አንድ ነገር እንዲነግሩልኝ ነው። የመጨረሻው ቀን ትንሽ ጮክ ብሎ እንዲያወራ። እሱን ብቻ።»

«እነግርልዎታለሁ። ሌላ የሚሉት አለ?»

«የለም።» እታለም ልትዘጋ ነበር፤ ከዚያ ትንሽ ቆየት አለችና «እርስዎም ምሳ መብላትዎን አይርሱ» አለች።

መስመሩ ተቋረጠ። መስመሬ የጆሮ ማዳመጫዋን አውልቃ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠች። ሳቂታ ከአጠገቧ «ምን አለሽ፣ ተሳደበ?» አለቻት። «አይ» አለች፤ «ተመልካች ናት።» ከዚያ መዝገቡን ስባ ሁሉንም ቃል በቃል ጻፈችው። ምሳዋንም በላች።

ከሰዓት በኋላ ቤት ስትገባ እታለም ድንች ትልጣለች። «ስልኩ በዛ?» አለቻት፤ ዐይኗ ቢላው ላይ ነው። «በዛ» አለች መስመሬ። ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ ሆነ። ሁለቱም ያውቃሉ፣ ሁለቱም አያውቁም።

መስመሬ ግን የዚያን ዕለት ማታ አልጋዋ ላይ አልወጣችም። «ዛሬ ትንሽ ላምሽ» ብላ ሶፋው ላይ ተቀመጠች። እታለም ቀና ብላ አየቻትና ቦታ ለቀቀችላት። መስመሬ ዐይኗን አፍጥጣ ሦስት ሰዓትን አለፈች፤ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ጋዜጣ አነበበች፤ አራት ሰዓት ላይ ፊቷን በቀዝቃዛ ውሃ ታጠበች። ከዚያ በኋላ ያለውን አታስታውስም። የነቃችው ከሌሊቱ አሥር ሰዓት ተኩል ላይ፣ በሰዓቷ ጩኸት፣ ጫማዋ ወልቆ፣ ብርድ ልብስ እስከ አንገቷ ተስቦላት ነው። ቴሌቪዥኑ ጠፍቷል። እታለም ጨለማው ውስጥ ወንበሩ ላይ ተቀምጣ በእጇ ሹራብ ትሠራለች።

«ፕሮግራሙስ?» አለች መስመሬ።

«ብርሃኑ ዐይንሽ ላይ እንዳያርፍ ብዬ አልከፈትኩትም።»

ከቀሩት አሥር ምሽቶች አንዱን ቀማኋት ማለት ነው፤ መስመሬ በአውቶቡሱ ውስጥ መንገዱን ሁሉ ይህን ስታስብ ሄደች። ደግ ላድርግ ባሉ ቁጥር የሚበላሽ ነገር አለ። ሁለተኛ ሳትዘጋጅ እንዳትሞክረው ለራሷ ማለች።

በመጨረሻው ሳምንት ረቡዕ አንድ ረዘም ያለ ሰው በአስተያየት ክፍሉ በር አንገቱን አስገባ። አሮጌ ሹራብ ለብሷል።

«ይቅርታ…» አለ።

መስመሬ ጆሮዋ ላይ ደዋይ ነበረባት፤ የማዳመጫውን አፍ በእጇ ከድና «በስተግራ ሁለተኛው በር ነው» አለችው።

ሰውየው ወደ ግራ አየ፣ ተመልሶ እሷን አየ። ሳቂታ ጠረጴዛው ላይ ተደፋች፤ ትከሻዋ ብቻ ይንቀጠቀጣል። ግድግዳው ላይ በተለጠፈው የአቅራቢው ፎቶ ያለው መነጽር ያደረገ፣ ከረባት ያሰረ፣ ፊቱ የሚያበራ ሰው ነው፤ በር ላይ የቆመው መነጽር የለውም፣ ፊቱም ድካም ይታይበታል። ቢሆንም መላጣው አንድ ነው። መስመሬ ጆሮዋ ድረስ ቀላች።

«እዚህ ሕንፃ ውስጥ አሥራ አራት ዓመት ስሠራ አንድ ቀን ወርጄ አላውቅም» አለ አቅራቢው። «የሚያሳፍር ነገር ነው። ሰዉ ምን እያለ ይሆን ብዬ ፎቅ ላይ ብጠይቅ “ዘጠና ዘጠኝ ከመቶው ሌላ” የሚል ወረቀት ሰጡኝ። “ሌላ” ማለት ምንድን ነው?»

መስመሬ መልስ ከመስጠት ይልቅ ስልኩ ሲጮህ ማዳመጫውን አቀበለችው። «እርስዎ ራስዎ ይስሙት።»

ተቀመጠ። «ጤና ይስጥልኝ፣ ይናገሩ» አለ በዚያ አገር ሁሉ በሚያውቀው ድምፅ። ከወዲያኛው ጫፍ ያሉት አሮጊት ነበሩ፤ ድምፃቸው ከማዳመጫው አልፎ ክፍሉ ውስጥ ይሰማል። የፕሮግራሙ አቅራቢ እሱ ራሱ እንደሆነ ነገራቸው።

«ልጄ፣ መምሰሉንስ ለምደኸዋል» አሉ አሮጊቷ። «ግን አልሆነልህም። የእሱ ድምፅ ወፈር ይላል። ባይሆን አፍህን ትንሽ ሞላ አድርገው። አሁን ለዚያች ለሴትዮዋ ስጠኝ፤ እሷ ናት የምታዳምጠኝ።»

አቅራቢው ማዳመጫውን አውልቆ ለመስመሬ መለሰላት። ሳቂታ ክፍሉን ለቃ ወጣች፤ ኮሪደሩ ላይ የምትስቀው ይሰማል።

ከዚያ በኋላ መዝገቦቹን አውርዶ ማንበብ ጀመረ። ምሳ ሰዓት አለፈ። አንዳንዱ ላይ ይስቃል፣ አንዳንዱ ላይ ፊቱን በእጁ ያብሳል። ያ የወንበር ባለሙያ የተናገረውን ሁለት ጊዜ አነበበና በትንሽ ወረቀት ላይ የሰውየውን ስልክ ቁጥር ጻፈ። ከዚያ አንድ ገጽ ላይ ቆመ።

«ጮክ ብዬ እንዳወራ የምትፈልገው ይቺ ማን ናት? ድምፄ ይህን ያህል ዝቅ ይላል?»

«የእርስዎ ድምፅ አይደለም። እሷ ናት የምትቀንሰው» አለች መስመሬ። «የሚተኛ ሰው አለባት።»

«የሚተኛው ሰው ያውቃል?»

«አሁን አውቋል።»

አቅራቢው ቀና ብሎ አያት፤ ገጹን ቀስ ብሎ ገለጠ። ሲነሳ ግን «አንቺስ? የራስሽ አስተያየት የትም የለም» አላት። መስመሬ መዋሸት ትችል ነበር። «እኔ አንድም ቀን አይቼዎት አላውቅም» አለች። ሰውየው ከት ብሎ ሳቀ። «እንኳንም! አንድ ያላሰለቸሁት ሰው ተገኘ» አለ።

መዝገቦቹን ልውሰድ ብሎ ለመናት። «ይመልሷቸዋል» አለች፤ እንደ ትእዛዝም እንደ ጥያቄም አድርጋ። ሁለቱን ወፋፍራሞች ብብቱ ሥር ይዞ ደረጃውን ወጣ።

ዓርብ ደረሰ። መስመሬ የቅዳሜ ጠዋቷን ተራ ከሳቂታ ጋር ተለዋውጣ ነበር። ከሥራ እንደገባች፣ ገና በዘጠኝ ሰዓት ቀን፣ መጋረጃውን ዘግታ ተኛች። ማታ ሦስት ሰዓት ላይ ፊቷን ታጥባ፣ ጸጉሯን አበጥራ ሳሎን ወጣች።

«ምነው፣ አመመሽ?» አለች እታለም።

«አላመመኝም። ተኝቼ ተነሳሁ፤ ፕሮግራሙን ልይ ብዬ።»

እታለም ሁለተኛ ብርጭቆ ሻይ ልትቀዳ ተነሳች። አምስት ሰዓት ሲሆን ቴሌቪዥኑ ተከፈተ፤ ሰዎች ሲያጨበጭቡ ይታያሉ፣ ጭብጨባው ግን ከሩቅ መንደር እንደሚመጣ ዝናብ ነው። መስመሬ ሪሞቱን ከጠረጴዛው ላይ አንስታ ድምፁን ጨመረች። እንደገና ጨመረች።

«ኧረ ጎረቤት!» አለች እታለም።

«ይስማ። ዓመት ሙሉ የሕፃኖቻቸውን ልቅሶ ስንሰማ ዝም ብለናል።»

አቅራቢው «እንዴት አመሻችሁ?» አለ። ሁለቱ እህቶች አንድ ላይ «እግዚአብሔር ይመስገን» አሉ፤ ተያዩ፤ እታለም ሻይዋን እስክትደፋ ሳቀች።

የመጀመሪያው እንግዳ መጥቶ ወንበሩ ላይ ሲቀመጥ አልሰመጠም። ቀጥ ብሎ ተቀመጠ፤ ራሱም ገርሞት ሥሩን ጎንበስ ብሎ አየ። መስመሬ እልል ልትል ምንም አልቀራት። እታለም ምን እንዳገኛት አልገባትም፤ እናም መስመሬ ነገረቻት፤ ስድስት ዓመት በሰው ወንበር ሲቃጠል ስለኖረው ባለሙያ፣ ከዚያ ስለ ተጸጸተው ሰው፣ ከዚያ ስለ አሮጊቷና «መምሰሉንስ ለምደኸዋል» ስላሉት። ማውራት ስትጀምር ማቆሙ ጠፋባት። በዘጠኝ ዓመት ውስጥ እንዲህ አውርታ አታውቅም። ማስታወቂያ በመጣ ቁጥር እታለም «እሺ፣ ከዚያስ?» ትላታለች።

አቅራቢው በመጨረሻ ላይ መዝገቦቹን አውጥቶ የሦስት ተመልካቾችን ቃል አነበበ። የእታለም አልነበረበትም። መስመሬ እስኪጨርስ ሪሞቱን በእጇ ይዛ ቆየች፤ ከዚያ ጠረጴዛው ላይ መለሰችው። ሰውየው የተለመደችውን ስንብቱን ብሎ፣ መብራቱ ሳይጠፋ፣ እንደማንኛውም ሥራውን እንደጨረሰ ሰው ኮቱን አንስቶ ወጣ።

ሁለቱ ባዶውን ጠረጴዛ ትንሽ ተመለከቱ።

«ጮክ ብሎ ነው ያወራው፣ አይደል?» አለች እታለም።

«ድምፁን የጨመርኩት እኮ እኔ ነኝ።»

«አውቃለሁ።» እታለም የሻይ ብርጭቆዎቹን ሰበሰበች። ወደ ወጥ ቤት ስትሄድ ጀርባዋን እንደሰጠች «ለመሆኑ ያን ቀን ምሳሽን በላሽ?» አለች።

«በላሁ» አለች መስመሬ።

ከዚያ በኋላ ስለዚያ ስልክ አንስተው አያውቁም።

በሚቀጥለው ሳምንት መስመሬ ወደ ኃላፊው ሄዳ የከሰዓት ተራ እንዲሰጣት ጠየቀች። ያን ተራ ማንም አይፈልገውም፤ ከቀኑ ሰባት ሰዓት ጀምሮ እስከ ማታ ሦስት ሰዓት ነው። ኃላፊው «በዚህ ዕድሜሽ?» አላት። «በዚህ ዕድሜዬ ነው እንጂ» አለች። ሳቂታ «ጥለሽኝ ልትሄጂ?» ብላ ለመጀመሪያ ጊዜ ሳትስቅ ቀረች፤ ግን በየቀኑ ሰባት ሰዓት ላይ ስለሚገናኙ፣ አንዷ ስትወጣ ሌላዋ ስትገባ ሩብ ሰዓት ያህል በር ላይ ቆመው ያወራሉ።

መዝገቦቹ ከሁለት ሳምንት በኋላ ተመለሱ። አቅራቢው ራሱ አላመጣቸውም፤ ጺም ያወጣ ወጣት አምጥቶ «አባቴ አመስግንልኝ ብሏል» ብሎ ጥበቃው ጋ ትቷቸው ሄደ።

በቦታው ፈጠን ብላ የምታወራ አንዲት አዲስ አቅራቢ መጣች። ስልኩ እንደገና ይጮህ ጀመር። ያ አሥራ አራት ዓመት ሲጠላ የኖረው ሰው ደውሎ «ይቺ ልጅ ምኗ ይታያል? እንደ እሱ ያለ ሰው የት ይገኛል!» አለ። ባለ ታክሲውም ደወለ። ከባሏ ጋር ስምንት ወር የተኳረፈችው ሴት ግን አልደወለችም፤ መስመሬ ለስለስ ያለ የሴት ድምፅ በሰማች ቁጥር እሷ ትሆን እንዴ እያለች አንድ አፍታ ትጠብቃለች። እስካሁን አልመጣችም።

እታለም ስለ አዲሷ አቅራቢ የሰጠችው ፍርድ «ትፈጥናለች፤ ግን ትደርሳለች» የሚል ነው። ማታ ማታ አብረው ያዩዋታል፤ አንዳንዴ ይዘጓትና እታለም ስለ ሌሊት ተረኛነት ዘመኗ ታወራለች። መብራት በጠፋበት ሌሊት በአንድ ሻማ መንትዮች እንዳዋለደች መስመሬ የሰማችው ገና አሁን ነው። እኩለ ሌሊት ካለፈ ሁለቱም ያዛጋሉ፤ ቀድማ የምትሸነፈው መስመሬ ናት። ጠዋት እስከ አራት ሰዓት መጋረጃው አይከፈትም፤ የፎቁ ጎረቤት አንድ ቀን ደረጃ ላይ አግኝታቸው «ምነው እናንተ እህትማማቾች፣ እርጅና አሰነፋችሁ እንዴ?» አለቻቸው።

«እርጅና አይደለም» አለች እታለም፣ ዘንቢሏን ወደ ሌላው እጇ እያዛወረች። «እኛ እኮ እናመሻለን።»